ጉዳዩ፦ በቤቴ ውስጥ ስለ መስፋት

ለክቡር የቦታ አጠቃቀም ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ትከሻዎ ሳይጎብጥ፣ ደረትዎ ሳይጠብ፣ ወገብዎም ከቀበቶዎ ጋር ሳይጣላ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝና የሰውን ደኅንነት የምጠይቀው በምለካው በኩል ነው፤ ከድፍረት አይቁጠሩብኝ። ፊት ለፊት ተያይተን ባናውቅም የክቡርነትዎን ልክ አውቃለሁ። እንዴት እንደማውቅ ግን አሁን አልናገርም፤ መሥሪያ ቤትዎ ሁለት ጉዳይ በአንድ ወረቀት ሲቀርብለት ሁለቱንም ውድቅ እንደሚያደርግ ስለ ተማርኩ፣ እርሱን ከፊርማዬ በታች ለብቻው አስቀምጠዋለሁ።

ደብዳቤውን አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ሲገባኝ በአደባባይ ማውጣቴ ከንቀት አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች፣ ሦስቱም እኔ ያልጻፍኩት ነገር ተነቦባቸው ተመልሰዋል። ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጌ ብጽፈው፣ ከሚያነበው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው እንኳ የጻፍኩትን ካነበበ፣ እርሱ ለክቡርነትዎ ይነግርልኛል ብዬ ነው።

ማንነቴ በመሥሪያ ቤትዎ ፋይሎች ውስጥ በተለያየ መንገድ ስለ ተጻፈ፣ የቀረውንና እውነተኛውን ልንገርዎ። በገበያው መንገድ ላይ፣ በጫማ ቤቱና በፎቶ ቤቱ መካከል በተከራየኋት ጠባብ ሱቅ ዘመኔን ሙሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። የሠፈሩ ሰው «ቅምቅማት» ብሎ ይጠራኛል፤ የማንም ሰው የቀሚስ ጠርዝ ተተርትሮ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ ስለማልችል ነው። አምና እናቴ ከአልጋዋ ስትወርድ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ዓይኗ ቀድሞውኑ ደክሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከአልጋ አልተነሣችም። እኅትም ወንድምም የለኝም። ስለዚህ ሱቋን ለባለቤቱ መለስኩና የስፌት መኪናዬን አሸክሜ ወደ ቤት አምጥቼ በፊት ክፍላችን መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። እናቴ የምትተኛው ከኋላው ባለው ክፍል ነው፤ በመካከላችን አንድ በር አለ፣ እርሱም ተዘግቶ አያውቅም ነበር።

እናቴ ስለማታየኝ የምትከተለኝ በመኪናዋ ድምፅ ነው። መርገጫውን ስረግጥ ያን ድምፅ እየሰማች ታንቀላፋለች። ክር ለመቀየር ባቆም ትታገሠኛለች፤ ከዚያ ካለፈ ግን «አለሽ?» ትላለች። «አለሁ፣ እማዬ» እላለሁ። ተመልሳ ትተኛለች። ቀኑን ሙሉ የምንነጋገረው ይኸው ነው፣ ለሁለታችንም በቂያችን ነበር። ይህን የምጽፈው ክቡርነትዎን ለማሳዘን አይደለም፤ ለምን ቤቴ ውስጥ መሥራት እንዳስፈለገኝ ከሦስቱ ማመልከቻዎች በአንዱም የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሠፈራችን በእናንተ ካርታ ላይ ለመኖሪያ ብቻ የተከለለ ነው። ይህን ለአናጢው ጎረቤቴ ብነግረው ሳቀብኝና ዝም ብለሽ ስፊ፣ ማን ይጠይቅሻል አለኝ። ስለ ራሱ መጋዝ የጨመረልኝን ግን አልጽፈውም፣ ጎረቤቴ ነው። እኔ ግን ሕግ አክባሪ መሆን አማረኝ። በመኖሪያ ሠፈር ትንሽ ሥራ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው መሥሪያ ቤትዎ «ልዩ ፈቃድ» እንደሚሰጥ በመግቢያችሁ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፎ አይቼ ነበርና ማመልከቻ ይዤ መጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ልብስ ሰፊ ሳትሆን አትቀርም።

ከዚህ በታች ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። ሁለቱን መለየት ካስቸገረዎ፣ አብረው ስለ ተሰፉ ነው።

1ኛ/ ስለ መጀመሪያው ማመልከቻዬ። «በመኖሪያ ቤቴ የፊት ክፍል ለመስፋት በልዩ ሁኔታ እንዲፈቀድልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የተሰጠኝ መልስ፣ የፊት ክፍሌ ቢሰፋ የእግረኛውን መንገድ ስለሚነካ የማስፋፋት ጥያቄዬ ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚገልጽ ነበር። መጀመሪያ የሌላ ሰው ደብዳቤ በስሕተት የተሰጠኝ መሰለኝ። ከዚያ የገዛ ቃሌን መልሼ አየሁት። እውነት ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ጨርቅም ይሰፋል፣ ቤትም ይሰፋል። ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ቃል ሲያወጣ መሥሪያ ቤትዎን አላማከረም። እኔ ግን ከስሜ ቀጥሎ፣ «ሥራ» በሚለው መስመር ላይ፣ «ልብስ ሰፊ» ብዬ በግልጽ አስፍሬ ነበር።

ይህስ እንዴት ተነበበ ብዬ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ጠየቅሁ። በትሕትና ፋይሉን ገልጣ አሳየችኝ። መርማሪዎ «ሰፊ» የሚለውን ቃል የክፍሉ መግለጫ አድርገው ወስደውት፣ በኅዳጉ ላይ «ክፍሉ አሁንም ሰፊ መሆኑን አመልካቿ ራሷ አምናለች» ብለው አስፍረዋል። «ልብስ» የሚለውን ምን እንዳደረጉት አልታወቀም። ክፍሌን ሰፊ ያሉልኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸውና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ እኔ መቁረጫ ጠረጴዛዬን ካስገባሁ ወዲህ የማልፈው በጎኔ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የካፖርቷ ገበር ከብብቷ ሥር ወጥቶ ይታይ ነበርና እርሱን እያየሁ፣ አንቺስ ስታነቢው ምን መሰለሽ አልኳት። ዙሪያዋን አየት አደረገችና «እኔም ሳየው ልብስ ስፌት ነው ብዬ ነበር፤ ግን የእኔ ሥራ መመዝገብ እንጂ ማንበብ አይደለም» አለችኝ። የሥራ ድርሻ በዚህ ዓይነት ጥርት ብሎ የተከፋፈለበት መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም።

2ኛ/ ስለ አግዳሚ ወንበራችሁ። ይህ በምስጋና በኩል የሚመዘገብ ነው። ባለጉዳይ ለሚጠብቅበት ኮሪደር ያዘጋጃችሁት አግዳሚ በቀኝ ጫፉ የወጣች ሚስማር አለችው። በሱቅ ሳለሁ ስንቱን የተቀደደ ቀሚስና ስንቱን የሱሪ መቀመጫ እንዳመጣችልኝ አልነግርዎትም። አሁን ግን ሰው እየቀደዳችሁ የምትልኩልኝን ሥራ የምሠራበት ቦታ ስለ ከለከላችሁኝ፣ ወይ ፈቃዱን እንድትሰጡኝ ወይ ሚስማሯን እንድትመቱልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

3ኛ/ ስለ ሁለተኛው ማመልከቻዬ። ነገሩን በቃል ላስረዳ ብዬ ብመጣ፣ በቃል የሚቀርብ ማብራሪያ እንደማይመዘገብ፣ ያልተመዘገበም እንዳልተነገረ እንደሚቆጠር ተነገረኝ። ይህ አሠራር በየቤታችን ቢለመድ ስንት ትዳር በተረፈ ነበር። በጽሑፍ አስረጂ ስለ ተባልኩም፣ ክፍሉ እንዲሰፋ አለመጠየቄን፣ በክፍሉ ውስጥ ያለችኝ አንዲት መኪና ብቻ መሆኗን፣ በእርሷ እየሠራሁ እናቴን ለመጦር እንደምፈልግ ዘርዝሬ ጻፍኩ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ባለሙያዎች መጡ። አንደኛው ሜትር ይዟል፤ እንደ እኔው ሜትር ከአንገቱ ላይ ጣል አድርጎት ስለ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሙያ ጓደኛ መስሎኝ ልቤ ደስ አለው። የበሬን ቁመትና ወርድ ለካ። ደረጃውን ለካ። ከዚያም መኪናው በየት በኩል እንደ ገባ ጠየቀኝ። በበሩ፣ ሁለት ሰው ተሸክሟት ብዬ መለስኩ። እርስ በርስ ተያዩ። እኔም እጄን ዘርግቼ በመስኮቱ ሥር ያለችውን መኪናዬን አሳየኋቸው። ባለሜትሩ አየት አደረጋትና የሚጽፍበት ነገር ሲፈልግ ቆይቶ፣ ወረቀቱን እርሷው ላይ ዘርግቶ፣ ክርኑን በመዘውሯ ላይ አሳርፎ፣ «በፍተሻው ወቅት መኪናው በቦታው አልተገኘም፤ ሆን ተብሎ እንደ ተሸሸገ ይገመታል» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ለመጻፍ ምቹ ናት ይላታል፤ ከፊርማው ጥራት እኔም አምኛለሁ።

የመጣልኝ ውሳኔ በመኖሪያ ሠፈር የመኪና ጥገና እንደማይፈቀድና የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ ለቅቄ ብገኝ እንደምጠየቅ የሚያስጠነቅቅ ነበር። ዘይት እጠቀማለሁ፣ አልክድም። አንድ ጠብታ ከመርፌው በላይ፣ አንድ ጠብታ ከመዘውሩ ሥር። ቦዩን ግን እስካሁን አላጥለቀለቅሁትም።

4ኛ/ ስለ ሦስተኛው ማመልከቻዬ። በዚህኛው አሥር ጊዜ ለክቼ አንድ ጊዜ ቆረጥኩ። «መስፋት» የሚለውን ተውኩ። «መኪና» የሚለውንም ተውኩ። ስለ ዘይቱ የገባችሁን ስጋት ለማስወገድም፣ ሥራዬ ንጹሕ መሆኑን፣ የምሠራው በመርፌ መሆኑን፣ ወንዱም ሴቱም በየተራ መጋረጃ ውስጥ እንደሚገባና ሠፈርተኛው እጇ ቀላል ነው ብሎ እንደሚመጣልኝ አስረዳሁ። ጽፌ ስጨርስ ኮርቼበት ነበር። ለአናጢው ጎረቤቴም ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እርሱም አሁን የማይገባው ሰው ካለ በእውነት ጨርቁን ጥሏል አለ።

ፋይሌ ፈቃድ የሌላቸውን ክሊኒኮች ወደሚቆጣጠረው ክፍል ተዛወረ። የመጡት ሰዎች ጓንት አድርገው ነበር። በመርፌ ትራሴ ላይ ተሰክተው ያገኟቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ ከመዘገቡ በኋላ አጠገባቸው «ያልተቀቀሉ» ብለው ጻፉ። መጋረጃዬን «የመመርመሪያ ክፍል» አሉት። ከዚያም በማይዘጋው በር በኩል ወደ እናቴ ገቡ።

ክቡር ሆይ፣ ይህችን በፌዝ ልጽፋት ሞክሬ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ እንዳለች አቀርባታለሁ። አንደኛው ሰው ዝቅ ብሎ፣ እማማ ምንዎን ነው የሚያምዎት አላት። እናቴ ሰው ሲጠይቃት ደስ ይላታል፤ ከወደቀችበት ቀን ጀምራ ነገረችው። ማን ነው የሚያክምዎት ሲላት ደግሞ «ልጄ ናት የምታስታምመኝ፤ ሌላ ማን አለኝ?» አለችው። በወረቀቱም ላይ ታካሚዋ በአመልካቿ እንደሚታከሙ በራሳቸው አንደበት ማረጋገጣቸው፣ በቤቱም አንድ አልጋ መያዙ ተመዘገበ። እናቴ ሲወጡ መረቀቻቸው። እነርሱም አሜን አሉ፤ ይህን ግን አልመዘገቡትም።

የፊት ክፍሌ በዚያው ዕለት፣ በደጁም ተዘግቶ በማያውቀው የውስጥ በርም በኩል ታሸገ። ማኅተም የሚለጥፈውን ሰው ለመንኩት፤ መኪናዬን፣ ጨርቆቼን፣ በማንጠልጠያ ላይ የተደረደሩትን የሰው ልብሶች አሳየሁት። አየ፣ አልካደኝም። «እኅቴ፣ እኔ የታዘዝኩት ክሊኒክ እንዳሽግ ነው፤ ስለ ልብስ ስፌት የተነገረኝ ነገር የለም» አለኝ። እንግዲያው ተወው፣ ይህ ልብስ ስፌት ነው ስለው፣ ክሊኒኩ የሚገኘው በዚሁ ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ እንደሚቸገር ነገረኝና ለጠፈው። ጨዋ ሰው ነበር። የበሩን ቀለም እንዳይልጥብኝ እንኳ ተጠንቅቋል።

5ኛ/ ስለ ቁልፎቹ። የእሸጋው ትእዛዝ «በክፍሉ ውስጥ የሚገኙ ቁልፎችን በሙሉ እንድታስረክብ» ይላል። እስከዚህ ድረስ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ትልቅ ትምህርት ቀስሜ ነበር፤ ቃል እንደ ተጻፈ ብቻ መወሰድ አለበት። ስለዚህ የበሩን ቁልፍ፣ ከእርሱም ጋር ከሥራዬ መጀመሪያ አንሥቶ ያጠራቀምኩትን አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሙሉ ቁልፍ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውንም ባለ አራቱንም፣ የሸሚዙንም የካፖርቱንም፣ አንድም ሳላስቀር አስረከብኩ። «ቁልፍ፣ አንድ ጠርሙስ» ተብሎም ተፈርሞልኛል። ጠርሙሱ አሁን በግምጃ ቤታችሁ ይገኛል። ከመዝገብ ቤት እንደ ሰማሁት፣ ይህን ያህል ቁልፍ ያላት ሴት ስንት ክፍል ብታከራይ ነው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ አራተኛ ፋይል ተከፍቶልኛል። ስለ ትጋታችሁ ቃል የለኝም። ቃል ባገኝም እፈራለሁ፣ ደግሞ ምን ተብሎ ይነበብ ይሆን።

6ኛ/ ስለ አሁኑ ሁኔታዬ። ፋይሎቼ በአንድ ኮሪደር ላይ በሚገኙ የተለያዩ በሮች ውስጥ ተቀምጠዋል። ማኅተሙ እንዲነሣልኝ የመጀመሪያው በር የተስፋፋውን የቤቴን ክፍል አፍርሼ ፎቶግራፍ እንዳቀርብ ይጠይቀኛል። ሁለተኛው በር የተሸሸገው መኪና ከግቢዬ መውጣቱን እንዳረጋግጥ ይጠይቀኛል። እነዚህን እፈጽማለሁ፤ ያልተሠራን ግንብ ማፍረስና ያልገባን መኪና ማስወጣት ከሁሉም ሥራ ቀላሉ ነው። አራተኛው ገና እየቆጠረ ስለ ሆነ የጠየቀኝ ነገር የለም። ሦስተኛው በር ግን «ታካሚዋ ከቤቱ ስለ መውጣቷ ማረጋገጫ» አምጪ ይለኛል።

ይህን አላደርገውም። እናቴን ከቤቷ አላስወጣም። ቤቱ የእርሷ ነው፤ የፊት ክፍሉን ግድግዳ ያስለሰነችው እርሷ፣ መስኮቱን ለብርሃን ብላ ያስከፈተችው እርሷ፣ መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝም እርሷ ናት። ይህን የምጽፈው ፈርቼ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ለእናቴ የሰጣት ስም ታካሚ ነው፤ ለእኔ የሰጠኝን ስሞች ሁሉ ተሸክሜአለሁ፣ ይህንን ግን አንሡልኝ።

የሦስተኛው በር ባለሙያ አዝነውልኝ፣ በንግድ ሠፈር ሱቅ ተከራይተሽ ለምን እዚያ አትሠሪም ሲሉ መክረውኛል። እናቴስ ብላቸው ሰው ቅጠሪላት አሉኝ። ሱቅ እንድከራይ መስፋት አለብኝ፤ እንድሰፋ ሰው መቅጠር አለብኝ፤ ሰው እንድቀጥር ሱቅ መከራየት አለብኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ የሚጀመርበትን ጫፍ ብቻ ነው ያጣሁት፣ እንደ ተወሳሰበ ክር።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። መኪናዋ ከታሸገች ጀምሮ እናቴ እንቅልፍ የላትም፤ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ይዤ እንኳ «አለሽ?» ትላለች። አለሁ ብላት አታምነኝም። ለእርሷ መኖሬ የሚታወቀው በእጄ ሳይሆን በእግሬ ነበር። ድምፅሽ ምነው ጠፋ ብትለኝ፣ መኪናዋ ለጥገና ገብታለች ብዬ ዋሸኋት፤ ስለዚህ በሁለተኛው ፋይል ላይ የተጻፈው በከፊል እውነት ሆኖላችኋል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ወደ እናንተ ዘንድ በመጣሁ ቁጥር የአናጢው ሚስት አለፍ ስትል በር በሩን ታይልኛለች፣ ግን እርሷም ልጆች አሏት። እናቴ ባዶ ቤት ውስጥ እየተጣራች መሆኑን እያወቅሁ ነው ባለ ሚስማሩ አግዳሚ ላይ ተራዬን የምጠብቀው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አራተኛ ማመልከቻ አላስገባም። የቀሩኝ ቃላት ክር፣ መቀስና ካውያ ብቻ ናቸው፤ በመቀስ ፖሊስ፣ በካውያ እሳት አደጋ እንዳይመጣብኝ እሰጋለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። በጠራራ ፀሐይ ራስዎ መጥተው በመስኮቱ በኩል ወደ ፊት ክፍሌ ይመልከቱ። ሰፊ መሆኑን፣ ጋራዥ መሆኑን፣ ክሊኒክ መሆኑን አይተው ይፍረዱ። የእርስዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለም ደግሞ፣ ዳባውን የሰፋው ሰው ፈቃድ እንዳለው ቢጣራ መልካም ነው።

ጨርቄን ማቄን ሳይሉ እስከዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። መንገድዎን ሁሉ ጨርቅ ያድርግልዎ፤ ቢተረተርም የምሰፋልዎት እኔ ነበርኩ።

ክፍሏ ሳይሰፋ ሰፊ የተባለችው፣ ያለ ሕክምና ሐኪም፣ ያለ ጋራዥ መካኒክ፣ ያለ ተከራይ አከራይ፣ ከዚህ ሁሉ በፊትና በኋላ ግን የእናቷ ልጅ የሆነችው አክባሪዎ፣

ቅምቅማት ልብስ ሰፊዋ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦

የክቡርነትዎን ልክ እንዴት እንዳወቅሁ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ክፍሌ ሊታሸግ ጥቂት ሲቀረው ሾፌርዎ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ አምጥቶልኝ ነበር። ከኪሱ ውስጥ በእጅ ጽሑፍዎ «ይስፋልኝ» የምትል ቁራጭ ወረቀት ወጣች፤ ከእርሷ ሌላ ምንም የለም። ተቀድዶ ነው ወይስ ጠብቦ ብዬ ሾፌሩን ጠየቅሁት። እርሱም ወዲያው ደወለልዎ፤ እርስዎም ወገቡ መሆኑን፣ ትንሽ እንዲሰፋ፣ ቁልፉም መበጠሱን ነገሩት። የፈጀብኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው፣ ቤቴም የምን ቤት እንደ ሆነ ከመሥሪያ ቤትዎ ሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እርስዎ መሆንዎን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሱሪውን ለአዲሱ ሕንፃችሁ ምረቃ እንደሚፈልጉት ሾፌርዎ ነግሮኛል። የኋላ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ መኪናዬ ላይ እንደ ተዘረጋ ታሽጎበታል። በተበጠሰው ምትክ የምተክልለት ቁልፍ በጠርሙሱ ውስጥ፣ በግምጃ ቤትዎ ነው። የማስፋት ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ክፍሉ መስፋት የተከለከለበት በመሆኑ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። በቃል የሚቀርብ ማብራሪያ አይመዘገብም።

ሱሪውን ራስዎ ለመውሰድ ቢመጡ በጓሮ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ይግቡ። እናቴ ኮቴዎን ሰምታ «አለሽ?» ትላለች። እኔ በዚያ ሰዓት በደጅዎ ተሰልፌ ነው የምገኘው። የት እንዳለሁ ያውቃሉና፣ እባክዎ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ይመልሱላት።